ባለ 6 ሊትሩ ፕሬዠር ድስትና የበግ ወርች በአናናስ፦ ከሐዋሳ ማእድ ቤት

ከአምስት ወር በፊት ሐዋሳ ፒያሳ ካሉት የቤት ዕቃ መደብሮች በአንዱ ባለ 6 ሊትር ፕሬዠር ድስት በ5,800 ብር ገዛሁ። የገዛሁበት ምክንያት ግልጽ ነበር። ከሥራ ወጥቼ ቤት የምደርሰው አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ ልጆቼ ደግሞ ሁለት ሰዓት ላይ መተኛት አለባቸው። በዚህ መካከል አጥንት ያለው የበግ ሥጋ አብስሎ ማቅረብ በተራ ድስት የሚታሰብ ስላልሆነ፣ ለበዓል ከታረደው በግ የተረፈው ወርችና አንገት ፍሪጅ ውስጥ ቅዳሜን እየጠበቀ ይከርም ነበር። አሁን በሥራ ቀንም ይሠራል። ድስቱ የተባለለትን ያደርጋል፤ ነገር ግን መመሪያው ላይ የተጻፈው ሰዓት ለእኛ ከተማ የተጻፈ እንዳልሆነ ለመረዳት ሁለት እራት አበላሽቻለሁ፤ ይህን ግምገማ የምጽፈውም በዋነኛነት ሌላው ሰው ያንኑ እንዳይደግም ነው።

ከድስቱ ጋር አብራ የመጣች ትንሽ የአሠራር መጽሐፍ ነበረች። የመጀመሪያው ገጿ የአሳማ ሥጋ ከፖምና ከደረቀ ፕሪም ጋር በ20 ደቂቃ እንዴት ለእራት እንደሚደርስ የሚያስረዳ ነበር። በእኛ ቤት አሳማ አይበላም፤ በሙስሊም ጎረቤቶቼ ቤትም እንዲሁ። ስለዚህ ገጹን ገልጬ ማለፍ እችል ነበር። ይሁን እንጂ የምግቡ ሐሳብ ከልቤ አልወጣ አለ። ስብ የበዛበትን ሥጋ የፍራፍሬ ኮምጣጣነት ያቀልለዋል፣ ጣፋጭነቱ ደግሞ ከጨውና ከቅመም ጋር ይስማማል የሚለው ነገር ለበግም የሚሠራ መሰለኝ፤ የበግ ስብ ከአሳማው ባልተናነሰ ከበድ የሚል ነውና። ፖሙን በአናናስ ተካሁት። አናናስ ከአለታ ጩኮ፣ ማንጎ ከአርባ ምንጭ ወደ ከተማችን ስለሚገባ፣ ሰኞና ሐሙስ ገበያ የወጣ ሰው ሁለቱንም በአንድ ዘንቢል ይዞ ይመለሳል።

አሁን ወደ ሰዓቱ ጉዳይ ልመለስ። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። ውኃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲፈላ፣ እዚህ 94 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ወደ 92 ይወርዳል። ክዳኑ ባልታሸገ ድስት ሥር የቱንም ያህል እሳት ቢነድ ውኃው ከዚያ በላይ አይሞቅም፤ የሚጨምረው የሚተነው እንፋሎት ብቻ ነው። የበግ ወርችን የሚያጠነክረው በጡንቻው መካከል የሚያልፈው ጅማት ሲሆን፣ ጅማቱ ላልቶና ቀልጦ መረቁን ወፈር የሚያደርግ ነገር የሚሆነው በቂ ሙቀት ለበቂ ጊዜ ሲያገኝ ነው። በ94 ዲግሪ ይህ ሁለት ሰዓት ተኩልና ከዚያም በላይ ይወስዳል። ፕሬዠር ድስት ግን እንፋሎቱን አፍኖ ስለሚይዘው፣ ግፊቱ ውኃው የሚፈላበትን ሙቀት ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል፤ ጅማቱም በአጭር ጊዜ እጁን ይሰጣል።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ድስቱ በራሱ የሚጨምረው ግፊት የትም አገር ያው ነው፤ የሚጨምርበት የውጭው አየር ግፊት ግን ከፍታ ላይ ዝቅተኛ ስለሆነ፣ ውስጥ የሚደርሰው ሙቀት መመሪያውን የጻፉት ሰዎች ካሰቡት ጥቂት ዲግሪዎች ያንሳል። የተለመደው ስሌት ከ600 ሜትር በላይ ላለው ለእያንዳንዱ 300 ሜትር የማብሰያውን ሰዓት በ5 በመቶ መጨመር ነው። ለሐዋሳ ሲሰላ 18 በመቶ ገደማ ይመጣል፤ 20 ደቂቃ የተባለው ወደ 24 ደቂቃ ይጠጋል ማለት ነው። አዳማም ከፍታዋ ከእኛ ብዙ ስለማይርቅ እዚያ ያሉ ዘመዶቼም በዚሁ ስሌት ይሠራሉ። በዚህ ላይ መጽሐፏ ሰዓቱን የጻፈችው ለአሳማ ሥጋ እንጂ አጥንት ላለው የበግ ወርች አይደለም፤ ስለዚህ የመጽሐፏ 20 ደቂቃ ለእኔ በሁለት በኩል አጭር ነበር። የመጀመሪያውን ቀን ሰዓቱን ሳላዛንፍ 20 ደቂቃ ላይ አወረድኩት፤ ሥጋው ላዩ ደርሶ አጥንቱን ግን አለቅም ብሎ ታናሿ ልጄ በሁለት እጇ ስትጎትተው አመሸች። በሚቀጥለው 24 ደቂቃ ሰጠሁት፤ ተሻለ። አሁን የጸናሁት 28 ደቂቃ ላይ ነው፤ ለጠቦት 24 ይበቃል፤ ዕድሜው ለገፋ ሙክት ግን 28 አይበዛበትም።

ሰው «በ20 ደቂቃ እራት ደረሰ» ሲል ምን እንደሚቆጥር በታማኝነት መናገር ያስፈልጋል። እኔ ሰዓት ይዤ ለክቼዋለሁ። ሥጋውን ቀላ እስኪል መጥበስ 10 ደቂቃ፣ ሽንኩርቱን ማቁላላት 5፣ ድስቱ ተዘግቶ ግፊት እስኪይዝ 8፣ በግፊት 28፣ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ግፊቱ በራሱ እስኪወርድ 12፣ በመጨረሻም ክዳኑ ተከፍቶ ፍራፍሬው የሚቆይበት 6 ደቂቃ ነው። ሲደመር 69 ደቂቃ ይሆናል። ከዚህ ውስጥ እኔ ምድጃው ፊት መቆም ያለብኝ 21 ደቂቃ ብቻ ነው፤ በቀረው ጊዜ የልጆቹን ደብተር አያለሁ። በእኔ እምነት የድስቱ ትልቁ ጥቅም ይህ እንጂ በማስታወቂያ የሚነገረው ፍጥነት አይደለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ኪሎ ያህል ወርች ከነአጥንቱ በትልልቁ ይቆረጣል። አናናሱ ሲላጥ የሚፈሰውን ጭማቂ አልደፋውም፤ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ጨምሬበት ሥጋውን አሽቼ ለ30 ደቂቃ አቆየዋለሁ። ይህን ማታ የማይመቸው ሰው ሊተወው ይችላል፤ ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ ማሳደር ስሕተት ነው። ጥሬ አናናስ ውስጥ ሥጋን የሚያፈርስ ብሮሜሊን የሚባል ነገር አለ፤ ብዙ ከቆየ የሥጋው ላይኛው ክፍል ሊጥ መስሎ ይፈራርሳል። ሙቀት ሲነካው ኃይሉ ስለሚጠፋ ከበሰለ በኋላ ግን ምንም አያደርግም። ከዚያ ሥጋው በትንሽ ዘይት ይጠበስና ይወጣል፤ በዚያው ድስት ሦስት ራስ ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ እርድ፣ አንድ እንጨት ቀረፋና የተወቀጠ ኮረሪማ ይቁላላሉ። በርበሬ አልጨምርም፤ የአልጫ መልክ ሲኖረው ነው አናናሱ የሚሰማው። ሥጋው ይመለሳል፣ አንድ ተኩል የውኃ ብርጭቆ ውኃ ይገባል፤ ከሥር የተያያዘው ቡናማ ነገርም በእንጨት ማማሰያ በደንብ ይፋቃል። ይህ መፋቅ ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ የተያያዘው ሳይነሣ ከተዘጋ በግፊቱ ውስጥ ያርራል።

ሁለተኛዋን የተበላሸች እራት ያመጣው ፍራፍሬውን ከመጀመሪያው ከሥጋው ጋር መጨመሬ ነው። መጽሐፏ እንዲያ ትላለች፤ ለደረቀ ፕሪም ይሠራ ይሆናል። የእኛ አናናስ ግን ውኃውና ስኳሩ የበዛ ነው። ስኳሩ ከሥር ተቀምጦ በአስራ አምስተኛው ደቂቃ ገደማ የእንፋሎቱ ሽታ ተቀየረ። ኮረሪማ ኮረሪማ ይል የነበረው ሽታ የተቃጠለ ስኳር ሆነ፤ እኔም መክፈት ስለማይቻል ቆሜ አሸተትኩት። ሲከፈት አናናሱ ክር ክር ብሎ ቀልጧል፣ የድስቱ መቀመጫ የብር ሳንቲም የሚያካክል ሦስት ቦታ ጠቁሯል። ከዚያ ወዲህ ግማሽ አናናስ በጣት ውፍረት ቆርጬ የምጨምረው ክዳኑ ከተከፈተ በኋላ ነው። ለስድስት ደቂቃ ሳይከደን ሲንተከተክ መረቁ ይወፍራል፣ አናናሱ ዳር ዳሩ ብቻ ለስለስ ብሎ መሐሉ ቅርጹን ይጠብቃል፤ ትንሽ የብርቱካን ጭማቂ ከላይ ሲነካው ስቡን ሙሉ በሙሉ ያነሣዋል።

አማቴ ለአንድ ሳምንት እኛ ዘንድ በተቀመጡ ጊዜ አናናስና ማንጎ ቀላቅዬ ሠርቼ ነበር። ሳህኑን አይተው «ልጄ፣ ፍሬ ከሥጋ ጋር? ምን ጉድ ነው?» አሉኝ። «እማማ፣ አንዴ ይቅመሱልኝና ከዚያ ይፍረዱ» አልኳቸው። ቆጮ ቆርሰው መረቁን ነክረው ቀመሱ፤ ደገሙ፤ ከዚያ ቀስ ብለው «ማንጎውን ተዪው። እሱ ማር ነው ያደረገው። አናናሱ ይበቃዋል» አሉ። ፍርዳቸው ትክክል ነበር። የበሰለ ማንጎ ኮምጣጣነቱ ትንሽ ስለሆነ የሚሰማው ጣፋጭነቱ ብቻ ነው፤ ገና ያልበሰለ አረንጓዴ ማንጎ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ጠንከር ብሎ ይቆያል፣ ኮምጣጣነቱም የሎሚ ያህል ነው። ስለ አቀራረቡም ቢሆን መጽሐፏ ሩዝ ብትልም፣ ከእርሳቸው ወዲህ እኛ ቤት በቆጮ ነው የሚበላው፤ ቆጮ መረቅ ይጠጣል፣ ጣፋጩንም አይቃወምም። በእንጀራም ጥሩ ነው።

ድስቱን በሦስት ዓይነት እሳት ሞክሬዋለሁ፤ ውጤቱ በጣም ይለያያል። በቡታጋዝ እንደ ልብ ነው፦ ግፊት ሲይዝ እሳቱ ወዲያው ይቀነሳል፣ በእንፋሎት መውጫው ላይ የምትቀመጠው ከባድ ቆብም ረጋ ብላ ትወዛወዛለች። በኤሌክትሪክ ምድጃ ሽቦው ከግሎ ቶሎ ስለማይበርድ፣ ቆቧ መንቀሳቀስ ስትጀምር ድስቱን ለአንድ ደቂቃ ያህል ገለል አድርጎ መመለስ ያስፈልጋል። መብራት በመሐል ቢጠፋ ደግሞ የታፈነው ሙቀት ለጥቂት ጊዜ ማብሰሉን ይቀጥላል፤ ሆኖም ግፊቱ ከወረደ የቀረውን ደቂቃ መቁጠር የሚጀመረው መብራቱ ተመልሶ እንደገና ግፊት ሲይዝ ነው። ከሰል ላይ ለዚህ ድስት አልመክርም። የከሰልን እሳት መቀነስ የሚቻለው ፍሙን በመቆንጠጫ እያወጡ ነው፤ ከዚያም በላይ ከጎን የሚወጣው ሙቀት የፕላስቲክ እጀታውን ይነካዋል። የእኔው እጀታ ከሥሩ ለስለስ ብሎ ብሎኑ ላልቶ ነበር፤ ብሎኑን አጥብቄው እስካሁን ይሠራል፣ የቀለጠው ቦታ ግን ይታያል።

ስለ አደጋ የሚጠይቁኝ ብዙ ሰዎች አሉ፤ ፕሬዠር ድስት ሲፈነዳ ያየም የሰማም ሁሉ ይፈራዋልና ፍርሃቱ ተገቢ ነው። ዴኒስ ፓፒን የተባለው ፈረንሳዊ ይህን ዓይነት ድስት ለንደን ላይ በ1679 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለሳይንቲስቶች ባሳየ ጊዜም ጭንቀቱ ይኸው ነበር፤ ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ እንፋሎቱን የሚያስወጣ ቫልቭ የሠራለትም ለዚህ ነው። የእኔው ድስት ከቆቧ በተጨማሪ በክዳኑ ላይ ሁለተኛ የደህንነት ቫልቭ አለው፤ ግፊት መኖሩን የምታሳይ ቀይ ዘንግም አለችው። ዘንጓ ወደ ታች ሳትወርድ ክዳኑ አይከፈትም፤ በጉልበት መሞከር ደግሞ ፈጽሞ አይገባም። ከመዝጋቴ በፊት ሁልጊዜ ክዳኑን ወደ መስኮቱ አንሥቼ በእንፋሎት መውጫው ቀዳዳ ብርሃን ማየቴን አረጋግጣለሁ። ቀዳዳው በምግብ ፍርፋሪ ወይም በአረፋ ከተደፈነ አደጋው የሚጀምረው ከዚያ ነው። ድስቱ ከሁለት ሦስተኛው በላይ አይሞላም፤ ባቄላ፣ ሽምብራ ወይም ቦሎቄ ሲሆን አረፋ ስለሚያወጡ ከግማሹ ማለፍ የለበትም።

ቦሎቄን ካነሣሁ አይቀር፣ በጾም ወራት ድስቱን ሥራ ፈት አላደርገውም። አዳሩን የተዘፈዘፈ ቦሎቄ 10 ደቂቃ በግፊት ሲቆይ ሙክክ ብሎ ይበስላል፤ ለንፍሮም እንዲሁ ነው።

ወደ ደካማ ጎኑ ስመጣ፣ ቅሬታዬ አንድ ነገር ላይ ነው፤ እሱም የክዳኑ ጎማ ነው። በአራተኛው ወር እንፋሎት በጎን ማፍሰስ ጀመረ፤ ግፊት ለመያዝ 8 ደቂቃ ይወስድ የነበረው 20 ደቂቃ ሆነ፣ ውኃውም እየጎደለ ሄደ። ጎማውን አውጥቼ ሳየው በአንድ በኩል ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ ነበረው። የገዛሁበት መደብር ስሄድ ጎማው ለብቻው እንደማይመጣ ነገሩኝ፤ ለአንዲት ቀለበት ሲባል አዲስ ድስት ግዢ ማለት ነው። ይህ አሳዝኖኛል፤ የድስቱ አካል ከስቴንለስ የተሠራ፣ መቀመጫው ወፍራም፣ አናናስና ብርቱካን የመሰለ ኮምጣጣ ነገር የማይበላው ጠንካራ ዕቃ ሆኖ ሳለ፣ ዕድሜው በአንድ ጎማ ዕድሜ መለካቱ ልክ አይደለም። ከብዙ ፍለጋ በኋላ መናኸሪያ አካባቢ ያገለገሉ የቤት ዕቃዎችን የሚጠግን ባለሙያ በስፋቱ የሚገጥም አገኘልኝ። ጎማው ከእያንዳንዱ አገልግሎት በኋላ ከክዳኑ ወጥቶ ቢታጠብ፣ ቢደርቅና አልፎ አልፎ ዘይት ቢነካ ዕድሜው ይረዝማል፤ እኔ ይህን ያወቅሁት የመጀመሪያው ከተሰነጠቀ በኋላ ነው።

በአሉሚኒየም የተሠራው ቀላሉና ርካሹ ዓይነት ለንፍሮና ለሾርባ ያገለግላል፤ ፍራፍሬ ያለበት ምግብ ለሚሠራ ሰው ግን አይሆንም፤ ኮምጣጣው ብረቱን ስለሚነካው መረቁ የብረት ጣዕም ያመጣል። መጠኑን በተመለከተ ባለ 6 ሊትሩ ለአምስት ሰው ልኩ ነው፤ እንግዳ የሚበዛበት ቤት ግን ሁለት ሦስተኛው ብቻ እንደሚሞላ አስቦ ተለቅ ያለውን ቢገዛ ይሻላል። ለመግዛት የምትሄዱ ሁሉ ክዳኑን መደብሩ ውስጥ እያላችሁ አምስት ስድስት ጊዜ ክፈቱና ዝጉ፤ የሚንገጫገጭ ወይም የሚያዝ ከሆነ ሌላ ይምጣላችሁ። ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ መለዋወጫ ጎማ መኖሩን ጠይቁ፤ ካለ ከድስቱ ጋር አብራችሁ ግዙት። የእኔ ሁለተኛ ጎማ በወረቀት ተጠቅልሎ፣ ኮረሪማው ከሚቀመጥበት መሳቢያ ውስጥ አለ።